የትንንሽ ሞተሮች የእሳት መስጫ ክፍሎች በአየር ስለሚቀዘቅዙበት መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፥ ከደብረ ሲና ቁልቁለት በታች፥ ሸዋ ሮቢት ትገኛለች። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,280 ሜትር ነው። በይፋት ቆላ ገበሬው ከወንዝ ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል፤ ለመሳቢያውም በቤንዚን የሚሠራ አነስተኛ ሞተር ይጠቀማል። ይህ ሞተር በቀትር ቆሞ አልነሣም ሲል፥ የተጠማው ማሳ አይታገሥም። ስለዚህ የነገሩን ምክንያትና መፍትሔ በአጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን።

በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ እሳቱ የሚገኘው ከባትሪ አይደለም። በቮላኖው ጠርዝ የተተከለው ማግኔት በቦቢናው አጠገብ ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ቦቢናውም ቮልቱን ከፍ አድርጎ ወደ ካንዴላ ይልከዋል። ያው ቮላኖ ክንፎች ስላሉት ማራገቢያም ነው። አየሩን በወንፊቱ ስቦ፥ ሽፋኑ እየመራው፥ በቦቢናው አጠገብና በሲሊንደሩ የብረት ቅጠሎች መካከል ያሳልፈዋል።

ሙቀት እሳቱን የሚያደክመው እንዴት ነው? የመዳብ ሽቦ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ፥ ኤሌክትሪክን የመቃወም ጠባዩ 31 በመቶ ያህል ይጨምራል። ማግኔቱም ሲሞቅ ኃይሉ ይቀንሳል። የሽቦው መሸፈኛ ደግሞ በሙቀት ብዛት ያረጃል። እነዚህ ሲደራረቡ ብልጭታው ይመነምናል።

የቆላው አየርም ራሱ ስስ ነው። በ1,280 ሜትር ከፍታ 35 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.98 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በባሕር ጠረፍ በ15 ዲግሪ ግን 1.22 ኪሎ ነው። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ክብደቱ በአንድ አምስተኛ ስለ ቀነሰ፥ የሚወስደውም ሙቀት ይቀንሳል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሞተሩ ከቆመ በኋላ የሚሆነው ነው። ማራገቢያው ሲቆም ነፋሱ ይቋረጣል፤ የሲሊንደሩ ሙቀት ግን ወደ ቦቢናው መተላለፉን ይቀጥላል። ሲሠራ የዋለው ሞተር ጥቂት አርፎ የሚያስቸግረው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የሚከተለው ይጠቅማል።

1ኛ፤ ሽፋኑን አለማውለቅ። የተገለጠ ሞተር የሚቀዘቅዝ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚመራው ያጣ አየር በየአቅጣጫው ይበተናል።

2ኛ፤ ሞተሩ ሲበርድ ወንፊቱንና ቅጠሎቹን ከአቧራና ከገለባ ማጽዳት።

3ኛ፤ ከማቆም በፊት ፍጥነቱን ቀንሶ ሁለት ሦስት ደቂቃ ማቆየት።

4ኛ፤ ሞተሩን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማኖር። ጉድጓድ ውስጥ ከተቀመጠ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል፤ ጢሱም ሰውን ይገድላል።

5ኛ፤ በጢስ ማውጫውና በቦቢናው መካከል፥ የአየሩን መንገድ ሳይዘጉ፥ ቆርቆሮ መጋረድ።

የመጨረሻው ሐሳብ በመለኪያ ሊፈተን ይገባዋል። ቴርሞሜትር በቦቢናው ላይ አስሮ፥ ሞተሩ ከቆመ በኋላ በየደቂቃው ሙቀቱን በመመዝገብ፥ መጋረጃው ሲኖርና ሳይኖር ማነጻጸር ይቻላል። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ውጤቱ ግን ለይፋት ገበሬ የአንድ ወቅት ሰብል ሊያድንለት ይችላል።