ጥርስዎን ለማንጣት ሲሉ ጥርስዎን እንዳይጨርሱ



ጥርሳቸውን ታመው ወደ ክሊኒክ የሚመጡ ወጣቶች መድኃኒታቸውን ተቀብለው ከመውጣታቸው በፊት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። «ጥርሴን በምን ላንጣው?» ይላሉ። ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። ሠርግ የደረሰለት፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚጠብቅ፣ ወይም ለሰፈራ ጉዳይ ፎቶ የሚነሳ ሰው ጥርሱ ነጭ ሆኖ ቢታይለት ይወዳል። ችግር የሚመጣው በመንገዱ ነው። እዚህ ካኩማ ገበያ ውስጥ ሎሚም፣ ከሰልም፣ በረኪናም በቀላሉ ይገኛል። «በአንድ ሳምንት እንደ ወተት ያደርገዋል» ብሎ የሚመክርም አይጠፋም። ስለዚህ በዚህ እትም ጥርስ ለምን እንደሚቀልም፣ በቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚቻልና ምን ፈጽሞ መደረግ እንደሌለበት እንመለከታለን።

ኢናሜል ምንድን ነው?

ጥርሳችን ከላይ ኢናሜል በሚባል ጠንካራ ነጭ ሽፋን ተሸፍኗል። ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ፣ ከአጥንትም ጭምር፣ የሚጠነክረው ይህ ሽፋን ነው። ከክብደቱ ከመቶ 96 ያህሉ ማዕድን ነው። ውፍረቱ ግን በጣም በወፈረበት ቦታ እንኳ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ከሥሩ ዴንቲን የሚባል ወደ ቢጫ የሚያደላ ክፍል አለ፤ ከዴንቲኑ ውስጥ ደግሞ ሕመም የሚሰማው ነርቭ ይገኛል።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ቆዳ ሲቆስል ይድናል፣ አጥንት ሲሰበር ይጠግናል፤ ኢናሜል ግን በውስጡ ሕይወት ያለው ሴል ስለሌለው አንዴ ካለቀ ተመልሶ አይበቅልም። ምራቅ የላላውን ቦታ በማዕድን መልሶ ሊያጠነክረው ይችላል፤ ተፍቆ የሄደውን ግን አይተካውም።

ነጭ ቅብ ያለውን የቆርቆሮ ሳህን ያስቡ። ቆሻሻው እንዲለቅ ብለን በየቀኑ በአሸዋ ብንፈትገው ለጊዜው ያብለጨልጫል። ውሎ አድሮ ግን ቅቡ ይላጥና ከሥሩ ጥቁሩ ብረት ብቅ ይላል። ጥርስም እንደዚሁ ነው። ኢናሜሉ በሳሳ መጠን ከሥሩ ያለው ቢጫ ዴንቲን ይበልጥ ይታያል። ስለዚህ ጥርሱን ለማንጣት ብሎ የሚፈትግ ሰው ከጊዜ በኋላ ጥርሱ ከበፊቱ የባሰ ቢጫ ይሆንበታል። ቀዝቃዛ ወይም ትኩስ ነገር በነካው ቁጥርም ይጠዘጥዘዋል።

ጥርስዎን ያቀለመው ምን ዓይነት ነገር ነው?

ማንኛውንም ነገር ከመሞከርዎ በፊት በጥሩ ብርሃን በመስታወት ይመልከቱ። የጥርስ መቅለም በሦስት ይከፈላል።

1ኛ/ ከላይ የሚለጠፍ ቀለም። ከቡና፣ ከሻይ፣ ከጫት (እዚህ ሚራ ከሚባለው) እና ከሲጋራ የሚመጣ ነው። የብረት ሽሮፕም እንዲህ ያደርጋል። አብዛኛውን ጊዜ በድድ አጠገብ፣ በጥርስና ጥርስ መካከል እንዲሁም ከፊት ጥርሶች በስተጀርባ ይበረታል። በቤት ውስጥ በእንክብካቤ ሊቀንስ የሚችለው ይህኛው ብቻ ነው።

2ኛ/ የደነደነ ቆሻሻ። በየቀኑ ያልጸዳ ቆሻሻ ከምራቅ ማዕድን ጋር ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ይሆናል። በቡሩሽ አይለቅም። በምላጭ፣ በቢላ ወይም በመርፌ ለመፋቅ መሞከር ድድ ያቆስላል፣ ኢናሜልም ይሰነጥቃል። ይህን የሚያነሳው የጥርስ ባለሙያ ነው።

3ኛ/ ከውስጥ የሆነ ቀለም። ጥርሱ ድድ ውስጥ ሳለ ሲሠራ አብሮት የተሠራ ነው። ነጭ ጭረት፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ በግራና በቀኝ ጥርሶች ላይ ተመሳሳይ መልክ ይኖረዋል፤ ጥርሱ ከበቀለ ጀምሮም አለ። ዋናው ምክንያት ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ በልጅነት መጠጣት ሲሆን፣ ችግሩ ፍሎሮሲስ ይባላል። ከወንጂ፣ ከመተሐራ ወይም ከዝዋይ አካባቢ የመጣችሁ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። በቱርካናም ብዙ ቦታ ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ሌላው ምክንያት ቴትራሳይክሊን የተባለው እንክብል ለነፍሰ ጡር ወይም ከ8 ዓመት በታች ላለ ሕፃን መስጠት ነው። ከተመታ በኋላ ብቻውን የጠቆረ ጥርስ ደግሞ ነርቩ የሞተ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት።

ይህን ልዩነት ማወቅ ብዙ ሰው ከጉዳት ያድናል። በልጅነቷ የመጣባትን ቡናማ ነጠብጣብ ለማጥፋት ሁለት ወር ሙሉ ሎሚና የተፈጨ ከሰል ቀላቅላ ስትፈትግ የቆየች ወጣት ወደ እኛ መጥታ ነበር። ነጠብጣቡ እንዳለ ነው፤ ውሃ መጠጣት ግን ፈተና ሆኖባታል። ቀለሙ ከጥርሱ ጋር የተሠራ ስለሆነ ቢፈትጉት የሚያልቀው ጥርሱ ነው። ፍሎሮሲስ የንጽሕና ጉድለት ምልክትም አይደለም። ሰው «ጥርሱን አያጥብም» ተብሎ ሊሰደብበት አይገባም።

እነዚህን ጥርስዎ ላይ አያድርጉ

• ሎሚ እና አቼቶ። ኮምጣጣ ነገር የኢናሜልን ማዕድን ያሟሟል። ሎሚ ካሹት በኋላ ጥርሱ የነጣ የሚመስለው የላዩ ልስላሴ ስለተበላ ነው። በምግብ ላይ ጨምቆ መብላት ሌላ ነገር ነው፤ ጥርስን በሎሚ ማሸት ግን ይቅር።

• ከሰል፣ አመድ፣ አሸዋ እና ሻካራ ጨው። ሁሉም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ። በከተማ ሱቆች በማሸጊያ የሚሸጠው የከሰል ዱቄትም ቢሆን ያነጣል፣ አይጎዳም ለማለት በቂ ማስረጃ እንዳልተገኘለት እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት ገልጿል። ለብ ባለ ውሃ የሟሟ ጨው መጉመጥመጥ ግን የቆሰለ ድድን ያስታግሳል፤ ጥርስ ግን አያነጣም።

• በረኪና። ልብስ የሚያነጣ ሁሉ ጥርስ አያነጣም። በረኪና አፍንና ጉሮሮን ያቃጥላል። በስሕተት የዋጠ ሰው ካለ አፉን በውሃ አጉመጥምጡት፤ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ አምጡት።

• ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ። የጥርስ ሐኪሞች ለማንጣት የሚጠቀሙበት ነገር ከዚሁ ቤተሰብ ነው። እነሱ ግን መጠኑን ለክተው፣ የተቦረቦረ ጥርስ አለመኖሩን አይተውና ድዱን ጠብቀው ነው። ያለ ባለሙያ ድድ ያቃጥላል፣ ጥርስም ያስጠዘጥዛል።

ታዲያ ምን ላድርግ?

1. በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ2 ደቂቃ ያህል በለስላሳ ቡሩሽ ይቦርሹ። ስንተኛ ምራቅ ስለሚቀንስ የማታው እንዳይቀር። ውሃ ቢያጥር አንድ ኩባያ ይበቃል።

2. ቡሩሹን እንደ እስክሪብቶ በጣቶችዎ ይያዙ። ከድድ ወደ ጥርስ አቅጣጫ ቀስ እያሉ ያዙሩ። ድስት እንደሚፈትጉ አይፈትጉ። ፀጉሩ ሲንጨባረር፣ ወይም በሦስት ወር ገደማ፣ ቡሩሹን ይቀይሩ።

3. ፍሎራይድ ያለበት ኮልጌት ወይም ሌላ የጥርስ ሳሙና ይጠቀሙ። ለአዋቂ በማሸጊያው ላይ ከ1000 እስከ 1500 የሚል የፍሎራይድ መጠን የተጻፈበት ይመረጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን የጥርስ ሳሙና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ቦርሸው ሲጨርሱ አረፋውን ይትፉ፤ በብዙ ውሃ አይታጠቡት፤ የቀረው ጥርሱን ይጠብቃል።

4. መፋቂያ መልካም ልማድ ነው። ወይራም ይሁን ሶማሌዎች ዓደይ፣ ዓረቦች ሚስዋክ የሚሉት፣ ጫፉን አኝከው አለስልሰው በቀስታ ከተጠቀሙበት ቆሻሻንና ከላይ የተለጠፈ ቀለምን ያነሳል። ያለቀውን ጫፍ በየቀኑ ይቁረጡ። ወደ ጎን አጥብቆ መፋቅ ድድን ወደ ላይ ይሸሻል። ከተቻለ ማታ ማታ በሳሙና መቦረሽን ይጨምሩበት።

5. ቡናዎን አይተዉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው ሲጨርሱ ግን አፍዎን በውሃ ይጉመጥመጡ። ሻይም እንደዚያው። ጫት እየቃሙ ሰዓታት ሙሉ ለስላሳ መጠጥ መጎንጨት ግን ጥርስን በስኳርም በኮምጣጣም ያጠቃል። ሲጋራን መተው ለጥርስም ለሳንባም ይበጃል።

6. ኮምጣጣ ነገር ወይም ለስላሳ ከጠጡ፣ ወይም ካስመለስዎት፣ ወዲያው አይቦርሹ። ኢናሜሉ ለጊዜው ላልቷል። በውሃ ተጉመጥምጠው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይቆዩ።

7. ቤኪንግ ሶዳ ካለዎት፣ በራሱ ብዙም አይፍቅም። በሳምንት አንድ ቀን በእርጥብ ቡሩሽ ጥቂት አድርጎ በቀስታ መቦረሽ የላዩን ቀለም ይቀንሳል። ሆኖም ፍሎራይድ ስለሌለው የጥርስ ሳሙናን አይተካም። ከሎሚ ጋር አይቀላቀል።

በዚህ መንገድ ለውጡ የሚታየው ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት ውስጥ ነው። ጥርስ እንደ ወረቀት ነጭ ሆኖ አልተፈጠረም፤ የሰው ቆዳ እንደሚለያይ የጥርስም መልክ ይለያያል። ትንሽ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ያልተቦረቦረና የማይደማ ድድ ያለው ጥርስ ጤነኛ ጥርስ ነው።

የልጆችን ጥርስ ዛሬ እንጠብቅ

የአዋቂውን ነጠብጣብ በቤት ውስጥ ማጥፋት ባይቻልም የሕፃኑን ግን መከላከል ይቻላል። ቋሚ ጥርሶች ድድ ውስጥ የሚሠሩት ልጁ 8 ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ነው። ለፊት ጥርሶች በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ወሳኝ ናቸው።

• እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ያጥቡ። እናትየው የምትጠጣው ውሃ ፍሎራይድ ቢኖረውም ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው።

• ለሕፃናት ሻይ አይስጡ። የሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ አለው፤ ብረት ወደ ደም እንዳይገባም ያግዳል።

• እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የሚያክል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ የአተር ፍሬ የሚያክል የጥርስ ሳሙና ብቻ ያድርጉ። እንዲተፋ ያስተምሩት፤ እንዳይውጥ ይከታተሉት።

• ውሃ ማፍላትም ሆነ ክሎሪን ማድረግ ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም። ለዚህ እንደ አጥንት ከሰል ያለ የተለየ ማጣሪያ ያስፈልጋል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ1 ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ይህን ሰምተው ግን የቧንቧውን ውሃ ትተው ከላጋ እንዳይቀዱ አደራ። የቀለመ ጥርስ አይገድልም፤ ኮሌራ ይገድላል። ዝናብ ሲዘንብ ግን በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመና በክሎሪን የታከመ የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ በጣም ጥቂት ስለሆነ ቅድሚያ ለሕፃናቱ ይሁን።

• ከሱቅ በተገዛ ቴትራሳይክሊን እንክብል ልጅ አያክሙ። በክሊኒክ የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ግን ጥርስን አያቀልምም፤ ሳይፈሩ እንደታዘዘው ይጠቀሙበት።

ደግሞም ልጅዎ በ6 ወይም በ7 ዓመቱ የሚያበቅላቸው ቋሚ ጥርሶች ከወተት ጥርሶቹ አጠገብ ቢጫ መስለው ቢታዩ አይደንግጡ፤ ተፈጥሯዊ ነው።

ለጤና በጎ ፈቃደኞች

ቤት ለቤት ስትሄዱ የሰውን ጥርስ አይታችሁ አትፍረዱ። «በምንድን ነው የምታጸዳው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሎሚ፣ ከሰል ወይም በረኪና ከሰማችሁ ምክንያቱን አስረዱ። የቆርቆሮ ሳህኑ ምሳሌ በማንኛውም ቋንቋ ይገባል። ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ሰውየውን ወደ ክሊኒክ ላኩ፦ እንቅልፍ የሚነሳ የጥርስ ሕመም፣ ሁልጊዜ የሚደማ ድድ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ከተመታ በኋላ የጠቆረ ጥርስ፣ መግል። የፊት እብጠት ከትኩሳት ጋር፣ ወይም አፍ መክፈትና መዋጥ አለመቻል ካለ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ይምጣ።

ውድ አንባቢ፣ ነጭ ጥርስ ያምራል፤ ነገር ግን ፎቶው በአንድ ደቂቃ ይነሳል፣ ሠርጉም በአንድ ቀን ያልፋል። ጥርስዎ ግን ዕድሜ ልክዎን ቆሎ የሚቆረጥሙበት ነው። ይህን ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ ማንበብ ለማይችል ጎረቤትዎ ያንብቡለት።