የጨጓራ መድኃኒቶች ልዩነት፦ የትኛው ለምን ይጠቅማል?

ካዛንቺስ ወይም ቂርቆስ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ ገብተው «የጨጓራ መድኃኒት ስጡኝ» ቢሉ፣ ከሦስት የተለያዩ ዓይነቶች አንዱ ሊሰጥዎ ይችላል። ሦስቱም ለአሲድ ናቸው፤ አሠራራቸውና አወሳሰዳቸው ግን ይለያያል።

1. አንታሲድ
በሽሮፕ ወይም በሚታኘክ ክኒን መልክ ይገኛል። ጨጓራ ውስጥ ያለውን አሲድ ኃይል ያሳጣል። በደቂቃዎች ውስጥ ያስታግሳል፤ የሚቆየው ግን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ለሚመጣ ቃር ይበቃል። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ዶክሲሳይክሊን ወይም የአይረን ክኒን የሚወስዱ ከሆነ አብረው አይውሰዱት፤ ሥራቸውን ይቀንሳል።

2. ሲሜቲዲንና ፋሞቲዲን
ጨጓራ የሚያመነጨውን የአሲድ መጠን ይቀንሳሉ። ለመሥራት አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅባቸዋል፤ ሌሊት ለሚነሳ ቃር ይጠቅማሉ። ሲሜቲዲን ከዋርፋሪንና ከፌኒቶይን ጋር ስለማይስማማ፣ እነዚህን የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

3. ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞልና ፓንቶፕራዞል
ከሁሉም የበረቱት እነዚህ ናቸው፤ ለጨጓራ ቁስለት የሚታዘዙትም ለዚህ ነው። ሙሉ ኃይላቸው የሚታየው ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሲያምዎ ብቻ አንድ ፍሬ መዋጥ ብዙም አይረዳም። ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት ይውሰዱ። በፆም ቀን ከመጀመሪያው ምግብዎ 30 ደቂቃ በፊት ሊያደርጉት ይችላሉ። እንክብሉን አይፍጩ፣ አያኝኩ።

ከምርመራ በፊት ይህን ይወቁ

ደጋግሜ የማየው ስህተት አለ። ታካሚው ኦሜፕራዞል እየወሰደ ለኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ የሰገራ ምርመራ ያደርጋል፤ ውጤቱ «ኔጌቲቭ» ይሆናል። ባክቴሪያው ግን አልጠፋም፤ መድኃኒቱ ቁጥሩን ስለቀነሰው ብቻ ሳይታይ ቀርቷል። ሕመምተኛው ዳነ ተብሎ ይሄዳል፤ ቁስለቱ ይቀጥላል።

ስለዚህ ከምርመራው በፊት የሦስተኛው ዓይነት መድኃኒት ለ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ለ4 ሳምንት መቋረጥ አለበት። በመሃል ቃር ቢያስቸግርዎ አንታሲድ መጠቀም ይችላሉ። ነገር ግን ቁስለትዎ ደምቶ የሚያውቅ ከሆነ ወይም አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ የሚወስዱ ከሆነ፣ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡ።

ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፦
• እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ካዩ
• ደም ካስመለሰዎ
• ደረትዎን አጥብቆ ይዞ የሚያስልብ ሕመም ከተሰማዎ

ምግብ ሲውጡ የሚያንቅዎ ወይም ያለ ምክንያት የሚከሱ ከሆነም መድኃኒት ከመቀያየር ይልቅ በቶሎ ይመርመሩ።