የባዮጋዝ ጕድጓድን በልክ ስለ መመገብ

ጎተራ ሰብራ የገባች ላም እህል ስትበላ ካደረች፥ በማግሥቱ ሆዷ ተነፍቶ፥ መኖ አልቀምስ ብላ፥ አንዳንዴም ሞታ እንደምትገኝ የማያውቅ ገበሬ የለም። ላሚቱን የጎዳት መርዝ አይደለም፤ የምግቡ ድንገተኛነትና ብዛት ነው። በጨጓራዋ የሚኖሩት ረቂቅ ተሐዋስያን ያን ሁሉ እህል ባንድ ጊዜ ሲያብላሉት ብዙ አሲድ ያወጣሉና፥ አሲዱ እነርሱንም እርሷንም ይጎዳል።

የባዮጋዝ ጕድጓድም ከመሬት በታች የተሠራ ጨጓራ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ባዮጋዝ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ሲሆን፥ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በሺህ ለሚቆጠሩ የገጠር ቤተ ሰቦች ተሠርቷል። ይሁን እንጂ ከተሠሩት መካከል ሥራ ያቆሙት ጥቂት አይደሉም። ምክንያቱ ልዩ ልዩ ቢሆንም፥ አንዱ የአመጋገብ ጉድለት ነው።

አየር በማይገባበት ጕድጓድ ውስጥ ሁለት ወገን ተሐዋስያን ይሠራሉ። የመጀመሪያዎቹ እበቱን አፍርሰው ወደ አሲድ ይለውጡታል። ሁለተኞቹ ከዚያ አሲድ የሚነደውን ጋዝ፥ ማለት ሜታንን ያወጣሉ። የፊተኞቹ በሰዓታት ውስጥ ይበዛሉ፤ የኋለኞቹ ግን ለመብዛት ቀናት ያስፈልጓቸዋል። ስለዚህ ምግቡ ከልክ ሲያልፍ አሲዱ ይከማቻል፤ ሜታን የሚሠሩትም ይዳከማሉ።

ጕድጓዱ 4,500 ሊትር ድፍድፍ የሚይዝ ቢሆን፥ በየቀኑም 45 ኪሎ እበት ከ45 ሊትር ውሃ ጋር ቢገባበት፥ ድፍድፉ በውስጡ 50 ቀን ያህል ይቆያል። መጠኑ እጥፍ ቢሆን ግን ቆይታው ወደ 25 ቀን ይወርዳል። በደጋ ብርድ ተሐዋስያኑ ዝግ ብለው ስለሚሠሩ፥ በቂ ሳይበዙ ከዝቃጩ ጋር እየታጠቡ ይወጣሉ። በበረት ከሚያድር አንድ ከብት በቀን 10 ኪሎ ያህል እበት ስለሚሰበሰብ፥ ለዚህ ጕድጓድ አራት ወይም አምስት ከብት ይበቃዋል።

የዳቦ እርሾ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችም ይህንኑ ሥርዐት ይጠብቃሉ። ሞላሰሱ ባንድ ጊዜ ቢፈስበት፥ አየር በብዛት እየገባለት እንኳ፥ እርሾው ከመራባት ይልቅ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። ስለዚህ በአውሮፓ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ሞላሰሱ በጥቂት በጥቂቱ፥ በሚቆጠር መጠን ይጨመርለታል።

በገጠር አዘውትሮ የሚታየው ስሕተት፥ በገበያ ወይም በበዓል ቀን ሳይመገብ የዋለውን ጕድጓድ በማግሥቱ እጥፍ አድርጎ መስጠት ነው። የቀረው ይቅር፤ የዛሬው የዛሬን ያህል ይሁን። እበቱና ውሃው በአንድ ባልዲ እኩል ይሰፈሩ፤ ገለባና ድንጋይ ይለቀሙ፤ የሳሙና ውሃና መድኀኒት የተሰጠው ከብት እበት አይግቡበት።

እሳቱ ሲደክም፥ ጋዙ እያለ አልነድ ሲል፥ ከጕድጓዱም የኮመጠጠ ሽታ ሲወጣ፥ ሆዱ እንደ ታመመ ይታወቅ። ያን ጊዜ ጥቂት ቀን ምግብ መከልከል፥ ከተቻለም በደኅና ከሚሠራ የጎረቤት ጕድጓድ ጥቂት ባልዲ ዝቃጭ አምጥቶ መጨመር ይገባል። እሳቱ ሲመለስ በግማሽ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉው መድረስ ነው። ለጥገና ሲባል ግን ማንም ሰው ወደ ጕድጓዱ አይግባ፤ በውስጡ ያለው ጋዝ አፍኖ ይገድላልና።

ስለዚህ በየቤቱ የምገባው ሥራ ለአንድ ሰው፥ መለኪያውም ለአንድ ባልዲ ይሰጥ። በልክ የተመገበ ጕድጓድ እናቶችን ከእንጨት ለቀማና ከጭስ ያሳርፋል፤ ዝቃጩም ለማሳው ማዳበሪያ ይሆናል።