«አይበርደኝም!» የቆላ ልጅ፣ የደጋ ብርድና የአማት ቁጣ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ቁጭ ብሎ ስለ ሹራብ መጻፍ ምን የሚሉት ቀልድ ነው ትሉኝ ይሆናል። አልፈርድባችሁም። እኛ ዘንድ የሰው ችግር የሚለብሰው ማጣት ሳይሆን የሚያወልቀው ማለቁ ነው። ሠመራማ ይባስ! በሰኔና በሐምሌ ቀን ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ይነድዳል፤ ሕፃናት በቁምጣ፣ አንዳንዴም ያለ ቁምጣ ሲሯሯጡ ይውላሉ። የሚገርመው ግን ደገኛው የሚደርበው ሹራብና ካፖርት ስንቱ በኛ ደጃፍ አልፎ መሰላችሁ የሄደው! በአዋሽ ኬላ ስንትና ስንት ቦንዳ ሰልባጅ ተይዟል፣ ስንትና ስንቱ ደግሞ ... ይሄን እንኳ እንተወው። ብቻ ሹራቡ ያልፋል እንጂ እኛ ጋ አይወርድም።

ታዲያ ይሄ ጽሑፍ ከየት መጣ? ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው የሚመጣው። ሰኔ ሲጋመስ በሠመራ፣ በሎጊያ፣ በአዋሽ የሚኖረው የመንግሥት ሠራተኛና ነጋዴ ሙቀቱን ሽሽት ልጆቹን ሰብስቦ ወደ ዘመድ ይልካል። የወሎው ወደ ደሴ፣ የሸዋው ወደ ደብረ ብርሃን፣ ሌላው ወደ አዲስ አበባ። የሠመራው ሰው ጠዋት ይነሳል፤ ሚሌን ይታጠፋል፣ ባቲን ይወጣል፣ ኮምቦልቻን ያልፋል፣ ከሰዓት ደሴ ነው። አውቶብሱ ባቲን ሲያልፍ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እስከዚያ ድረስ «መስኮት ክፈቱ፣ አለቅን!» ሲል የነበረው መንገደኛ በአንድ አፍ «መስኮት ዝጉ፣ ንፋስ ይመታናል!» ይላል። እናቶች ከየቦርሳው ሹራብ ይመዛሉ። ጦርነቱም እዚያው ይጀመራል።

«ልበስ!»

«አልለብስም!»

«ይበርድሃል እኮ!»

«አይበርደኝም!»

ሠመራ ከባሕር ጠለል በላይ 430 ሜትር ያህል ላይ ነች፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከከፍታው ብቻ በአንድ ቀን ጉዞ 13 ዲግሪ ያህል ተቀንሶ ይጠብቃችኋል ማለት ነው፤ ያውም የሐምሌ ዝናብና ጉም ሳይጨመርበት። የልጁ ገላ ግን ገና ሠመራ ነው ያለው። ሹራብ የሚባል ነገር በቆዳው ላይ አርፎ አያውቅም። አንገቱ ላይ ይኮሰኩሰዋል፣ ብብቱን ያሳክከዋል፣ እጁን ያስረዋል። «አይበርደኝም» ሲል ሁሌ ሊዋሽ አይደለም። ግማሹ «ይሄን ነገር አውልቁልኝ» ማለቱ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሠመራ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ የሁለት ልጆች እናት የነገረችኝ ጉዳይ ነው። ስሟን አልጠቅስም፤ ትዳሯ ገና አልረጋም።

ባለፈው ክረምት የ6 ዓመት ወንድ ልጇንና የ8 ወር ሴት ልጇን ይዛ ደሴ አማቷ ቤት ወጣች። ባል ሥራ ስላልለቀቀው ሠመራ ቀረ። ትልቁ ልጅ ገና ከመድረሱ ሹራቡን አውልቆ ወረወረ፤ ከአጎቱ ልጆች ጋር በካናቴራ ጭቃ ለጭቃ ሲራወጥ ይውላል። አያቱ በሩ ላይ ቆመው «ኧረ በአላህ! ይሄ ልጅ ሊሞት ነው!» ይላሉ። እናት ትለምናለች፣ ትቆጣለች፣ አንድ ቀንም በጥፊ አለችው። ልጁ ወይ ፍንክች!

ትንሿ ግን እሺ አለች፤ ምን ምርጫ አላት? አያት በሹራብ፣ በሹራቡ ላይ በፎጣ፣ በፎጣው ላይ በጋቢ ጠቅልለው፣ ፊቷ ሳይቀር ሸፍነው፣ በሩንና መስኮቱን ዘግተው ከፈርኔሎው አጠገብ ያስተኟታል። ከሰሉ ቀንም ማታም አይጠፋም። በአንድ ክፍል ውስጥ 7 ሰው ያድራል፤ ከልጆቹ 3ቱ ያስላሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ትልቁ ልጅ ንፍጡ ተዝረከረከ። 4 ቀን አስነጥሶ፣ ተነጫንጮ፣ ተሻለው። የታመመችው ትንሿ ነች። ተኮሰች፣ ጡት እምቢ አለች፣ ትንፋሿ እንደሮጠ ሰው ቶሎ ቶሎ ሆነ። ጤና ጣቢያ ሲያዩዋት ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላኳት። የሳንባ ምች ነበር። ኦክስጅን ተደርጎላት 5 ቀን ተኝታ፣ ተመስገን፣ ዳነች።

አሁን የአማትን ፍርድ ስሙ። «ያ ልጅ እርቃኑን ሲዞር ያመጣው ብርድ ነው! አንቺ ነሽ ጥፋተኛዋ! ልብስ መልበስ እንኳ ሳታስተምሪ የበረሃ አውሬ አድርገሽ አሳደግሽው!» ባልም በስልክ ከእናቱ ጋር ወገነ። «ልጄን ልትገያት ነበር» አላት። ሴትዮዋ ሠመራ ከተመለሱ በኋላ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ሳምንታት ሳይነጋገሩ ቆዩ። ሽማግሌ እስከመግባት ደረሰ። እሷም «እስቲ አንተ ጻፍበት። ጥፋቱ የኔ ነው ወይ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ «ሳትወልድ፣ ሐኪም ሳትሆን፣ 12ኛ ክፍል ጨርሰህ ምን ያገባሃል?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ይበለኝ። የአምስት ልጆች ታላቅ ነኝ፤ ንፍጥ ስጠርግ ነው ያደግሁት። ሐኪም ያልሆንኩ ደግሞ ሐኪሞች የጻፉትን ከማንበብ የሚከለክለኝ የለም።

የሳንባ ምች የሚመጣው ከጀርም ነው። በሳል፣ በማስነጠስ፣ በእጅ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ክረምት የሚበዛው ሰው ከብርድ ሸሽቶ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስለሚታጨቅ፣ አየር ስለማይገባ፣ ጭስ ስለሚታፈን ነው። የከሰልና የማገዶ ጭስ የሕፃን ሳንባ ዋነኛ ጠላት ነው። ምናልባት ጉንፋኑን ወደ ትንሿ ያሻገረው ወንድሟ ሊሆን ይችላል፤ ከሚያስሉት የአጎት ልጆች አንዱም ሊሆን ይችላል። ወንድሟ ሹራብ ለብሶ ቢሆን ኖሮ ግን ጀርሙ አይተላለፍም ነበር? ሹራብ ሳል አይከለክልም። ትንሿማ ከቤቱ ሰው ሁሉ ይልቅ የተጠቀለለችው እሷ ነበረች!

እናትየው አንድ ነገር ቀርቶባታል፤ ራሷም አልደበቀችኝም። የልጅቷ የ14 ሳምንት ክትባት በሥራ ብዛት አልፏት ነበር። በአገራችን ብዙ የሳንባ ምች ከሚያመጡ ጀርሞች አንዱን የሚከላከለው አምስት በአንድ ክትባት በ1999 ዓ.ም.፣ የኒሞኮካል ክትባት ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ነው የገቡት። በጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣሉ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት። አማትና ምራት ስለ ሹራብ ሲጨቃጨቁ የክትባት ካርዱን ማንም አላነሳውም።

አያት ክፉ ሰው ናቸው አላልኩም። እሳቸው ልጅ በብርድ ሲሞት ያዩ ሰው ናቸው፤ ያወቁትን አደረጉ። ግን «ልጅ በተሸፈነ ቁጥር ይጠበቃል» የሚለው ነገር ከደገኛው ቤት ሊወጣ ይገባል እላለሁ። በ1989 ዓ.ም. ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያደረጉት ጥናት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቶ ነበር። የሳንባ ምች የያዛቸውን ሕፃናት ካልያዛቸው ጋር አነጻጸሩ። በፀሐይና በምግብ እጥረት አጥንታቸው የለሰለሰ፣ ሪኬትስ ያለባቸው ልጆች በሳንባ ምች የመያዛቸው ነገር ከሌሎቹ ከ10 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሪኬትስ ደግሞ ፀሐይ በሞላበት አገር ከየት ይመጣል? ልጅን «ብርድ ይመታዋል፣ ዓይን ይበላዋል» ብሎ በጋቢ ሸፍኖ ጨለማ ውስጥ ከማኖር ነው። የጎድን አጥንቱ ይልፈሰፈሳል፣ ደረቱ አየር መሳቡን ያቅተዋል። ከሳንባ ምች ላድነው ብሎ ለሳንባ ምች ማዘጋጀት ይሏል ይሄ ነው።

ስለ ፈርኔሎውም ልናገር፤ ቆላ ያደገ ሰው ይሄን አደጋ ስለማያውቀው። ከሰል ጭሱ ጠፍቶ ፍም ብቻ ሲሆን «አሁንማ ንጹሕ ነው» ተብሎ ቤት ይገባል። ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ግን ይወጣዋል። በር ተዘግቶ ከተተኛ ቤተሰብ ሙሉ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ዘመድ ቤት እንግዳ ናችሁና «አውጡልን» ማለት ያሳፍር ይሆናል። ይፈር! ከመኝታ በፊት ከሰሉ ይውጣ።

እሺ፣ ትልቁን ልጅ ምን እናድርገው? እኔ በበኩሌ በጥፊ ሹራብ የለበሰ ልጅ አላውቅም፤ ጥግ እንደዞረ ያወልቀዋል። የሚሮጥ ልጅ ሰውነቱ ሙቀት ያመርታል፣ ከተቀመጠች እናቱ በታች ነው የሚበርደው። ይልቁንስ በሹራብ ታፍኖ ሲሮጥ ያልበዋል፤ ላቡ ካናቴራውን ያረጥበዋል፤ ቆም ሲል ያ እርጥብ ልብስ ነው የሚያቀዘቅዘው። ስለዚህ ሲጫወት ተዉት፣ ሹራቡን ወገቡ ላይ ይሰረው። ጨዋታው ሲያልቅ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሲዘንብ ግን ይለብሳል፤ እርጥብ ካናቴራና ካልሲም ይቀየራል። ከሱፉ በታች ለስላሳ የጥጥ ከነቴራ አድርጉለት፣ የሚያሳክከው ነገር ግማሹ ይጠፋል። አንድ ወፍራም ከሚሆን ሁለት ስስ ይሁን፣ አንዱን ማውለቅ እንዲችል። ሰልባጅ ተራ ስትሄዱም ልጁን ይዛችሁት ሂዱ፤ ከሁለት አንዱን ራሱ ይምረጥ። የአጎቱ ልጆች «ሽማግሌ መሰልክ» ብለው የሳቁበትን ሹራብ ንጉሥ ቢያዝዘው አይለብሰውም። ቀዝቅዞት እንደሆነ ለማወቅ እጁን አትዳብሱ፣ የልጅ እጅ ሁሌ ይቀዘቅዛል። ማጅራቱን ዳብሱ። ማጅራቱ ከሞቀ ደህና ነው። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ዝም ዝም ካለ ግን ክርክር የለም፤ ማልበስና ማስገባት ነው።

ይህን ነገር አዋሽ አንድ የአፋር አዛውንት ጋር አንስቼው ነበር። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ እኛ ብርድ አናውቅም ያለህ ማነው?» አሉኝ። አፋር ዓመቱን በየስሙ ይከፍለዋል፤ ካርማ ዋናው ዝናብ ነው፣ ሐጋይ የሚያቃጥለው፣ ጊላል ደግሞ ከጥቅምት ወዲያ ያለው ቀዝቀዝ የሚለው ወቅት። በጊላል ሌሊት ውጭ ያደረ ሰው ያውቀዋል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ስትንቀጠቀጥ ቤቱን ፈርቶ ሜዳ ያደረ ሁሉ ይመሰክራል። አዛውንቱ እንዳሉኝ በጊላል ገና የተወለደ የፍየል ግልገል ዳቦይታው ውስጥ ይገባል፣ መዝለል የጀመረው ደጅ ከእናቱ ጋር ያድራል። «ሕፃኑን ትይዘዋለህ፣ የሚሮጠውን ትተወዋለህ» አሉ። እኔ በዚህ ሁሉ ወረቀት የለፋሁበትን በሁለት ቃል!

አራስ ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሠመራም ይሁን ደሴ። አራስ ሙቀቱን በራሱ መጠበቅ አይችልም፤ በጭንቅላቱ ብዙ ሙቀት ያጣል። ከእናቱ ገላ ጋር ደረት ለደረት ይታቀፍ፣ ኮፍያ ይደረግለት፣ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ አይታጠብ። አፍና አፍንጫው ግን አይሸፈን። በሠመራ ሙቀት ደግሞ ከደጋ የመጡ አያቶች አራሱን በሱፍ ጠቅልለው ሲያስተኙት አይቻለሁ፤ ፊቱ ቀልቶ፣ ላብ ወርዶት። እዚያ አንድ ስስ ጨርቅ ይበቃዋል።

የሚያስል ልጅ ካላችሁ ሹራቡን ተዉትና ትንፋሹን ቁጠሩ። ሳያለቅስ፣ ረጋ ብሎ ሳለ፣ በሰዓት አንድ ደቂቃ ሙሉ። ከ2 ወር በታች ለሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቶሎ ይተነፍሳል ማለት ነውና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ። ሲተነፍስ ደረቱ ከታች ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ፣ ጡት ወይም ውኃ እምቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። ዳማከሴና ነጭ ሽንኩርት እየሞከሩ ሦስት ቀን መጠበቅ የለም።

ወደ ሠመራዋ እናት ልመለስ። ሽማግሌዎቹ ባልና ሚስትን አስታርቀዋል፤ አማት ግን አሁንም «እኔ ያየሁትን አይቻለሁ» ነው የሚሉት። ዘንድሮም ልጆቹ ወደ ደሴ ይወጣሉ። እሷ ሁለት ነገር ብቻ አስቀድማ በባሏ በኩል ልካለች፤ ማታ ፈርኔሎው ከቤት እንዲወጣ፣ ጠዋት ትንሿ ፊቷ ተገልጦ ፀሐይ እንድታገኝ። ለትልቁ ሹራብ ገዝታለታለች፤ ቀዩን የመረጠው ራሱ ነው። ይልበሰው አይልበሰው ባቲ ሲደርሱ ይታያል።