የግጦሹ ጫፍ ላይ የቆመችው ሮኬት

በኒውዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት፣ በምሥራቁ ዳርቻ፣ ማሂያ የሚባል ባሕረ ገብ መሬት አለ። ኮረብታው ሣር ነው፤ ሣሩም የበጎች ግጦሽ ነው። መንገዱ አልቆ ገደልና ፓሲፊክ ውቅያኖስ ብቻ በሚቀሩበት ጫፍ ላይ፣ በ2017 ሜይ ወር (ሌላ ካልተባለ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንዲት ጥቁር ሮኬት ቆማ አየሩ እስኪረጋ ትጠብቅ ነበር። ቁመቷ 17 ሜትር ነበር፤ አምስት ፎቅ ሕንፃ ብታክል ነው። ወርዷ 1.2 ሜትር ብቻ በመሆኑ ሦስት ሰዎች እጅ ለእጅ ቢያያዙ ያቅፏታል። በአናቷ የማንም ደንበኛ ሳተላይት አልተጫነም። ባለቤቶቿ ለበረራው የሰጡት ስም በአማርኛ ሲመለስ «ሙከራ ነው» የሚል ነበር።

የሮኬቷ ስም ኤሌክትሮን፣ የኩባንያው ስም ሮኬት ላብ ነው። መሥራቹ ፒተር ቤክ የተወለደው በአገሪቱ ደቡባዊ ጫፍ፣ በኢንቨርካርጊል ከተማ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። የቤት ዕቃ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የብረት መሣሪያና ቅርጽ ማውጫ ሥራ በተለማማጅነት ተማረ፤ በትርፍ ጊዜው በሮኬት ሞተር የሚነዳ ብስክሌት ሠራ። ኩባንያውን በ2006 ሲያቋቁም ቀድሞ ገንዘብ ያወጣለት ባለሀብት ማርክ ሮኬት ይባላል፤ ሰውየው ለጠፈር ካለው ፍቅር የተነሣ የቤተሰብ ስሙን በሕግ አስቀይሮ «ሮኬት» ያሰኘ ነው። በ2009 ኖቬምበር 30 አቴያ-1 የተባለችውን ስድስት ሜትር ያህል ርዝመት ያላትን ሮኬት ከአንዲት ደሴት ላይ ወደ ላይ ላኩ። ወጣች፤ ተመልሳ ወደቀች።

ወጥቶ መውደቅና ምሕዋር ውስጥ መግባት በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በወንጭፍ የተወረወረ ድንጋይ ወደ ፊት እየሄደ ወደ ምድር ይወድቃል፤ አወራወሩ በበረታ መጠን የሚወድቅበት ቦታ ይርቃል። ድንጋዩ እጅግ ቢፈጥን፣ እሱ በወደቀ ቁጥር የምድርም ገጽ ከሥሩ እየጎበጠ ይሸሸዋል፤ ስለዚህ ሲወድቅ ይኖራል እንጂ መሬት አይነካም። ምሕዋር ማለት ይኸው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ፍጥነት በሰዓት 27 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚያደርስ ማለት ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መውጣት የቻለ ሁሉ ይህን ፍጥነት ያገኛል ማለት አይደለም። ማሂያ ላይ የቆመችው ሮኬት የተሠራችው ለዚህ ለጎን ፍጥነቱ ነበር።

አንዲት ትንሽ አገር ውስጥ ያለ ትንሽ ኩባንያ ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን ይሸከማል? መልሱን እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በተሻለ ልንረዳው እንችላለን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ማለዳ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይናው የታይዩዋን ጣቢያ መጠቀች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በዚያ ሮኬት ላይ ዋናዋ ተሳፋሪ ግን ቻይናና ብራዚል አብረው የሠሯት ትልቋ ሳተላይት ነበረች፤ የእኛዋ በተረፈው ቦታ ከሌሎች ትንንሾች ጋር ተደርባ ሄደች። ትንሽ ሳተላይት ያለው ሁሉ ዕጣው ይኸው ነበር፤ በትልቅ አውቶቡስ ላይ ይሳፈራል፣ አውቶቡሱ የሚነሣው ትልቁ ተሳፋሪ ሲደርስ ነው፣ የሚያወርደውም ለትልቁ በሚመች ፌርማታ ነው። ሮኬት ላብ ያሰበው ኮንትራት ታክሲ ነው። 150 ኪሎ ግራም ጭኖ 500 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ደንበኛው በመረጠው ቀንና በፈለገው ምሕዋር የሚያደርስ። የጠየቀው ዋጋ ለአንድ ጉዞ 4.9 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ይህን የሚያስችለው ሞተሩ ነው፤ በዚህ ማሽን ውስጥ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። የሚነደው በየቤታችን በኩራዝና በቡታጋዝ የምናውቀው ላምባ ነው፤ እጅግ ተጣርቶ። ጠፈር ላይ አየር ስለሌለ ሮኬቷ የምትተነፍሰውን ኦክስጅን በ183 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሆኖ ይዛ ትሄዳለች። ችግሩ ሁለቱን ፈሳሾች በኃይል እየነዳ ወደ ማቃጠያው ክፍል የሚከት ፓምፕ ነው። በማቃጠያው ውስጥ ያለው ግፊት ወደ ውጭ ይገፋል፤ ፓምፑ ያንን አሸንፎ ወደ ውስጥ መግፋት አለበት። የቆየው ዘዴ ከነዳጁ ጥቂቱን በሌላ ትንሽ ምድጃ አቃጥሎ በጋሱ ተርባይን ማዞር ነበር። ይሠራል፣ ግን የጋለና የበረደ ብረት ጎን ለጎን የሚሽከረከርበት፣ ለመሥራትም ለመጠገንም የከበደ ነገር ነው።

የሮኬት ላብ መሐንዲሶች ተርባይኑን አውጥተው በቦታው ኤሌክትሪክ ሞተርና ሊቲየም ባትሪ አስገቡ። ሞተሩን በኒውዚላንድ ተወልዶ የአቶምን አስኳል ባገኘው በኧርነስት ራዘርፎርድ ስም ሰየሙት። በእያንዳንዱ ራዘርፎርድ ላይ ሁለት ትንንሽ ኤሌክትሪክ ሞተሮች አሉ፤ አንዱ ላምባውን፣ ሌላው ኦክስጅኑን ይነዳል። እያንዳንዳቸው በደቂቃ 40,000 ጊዜ እየዞሩ 37 ኪሎ ዋት ኃይል ይሰጣሉ። አሥር ያህል የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ቢጣዱ የሚወስዱትን ኃይል በአንድ እጅ በሚያዝ ሞተር ውስጥ ማሰብ ነው። ከሮኬቷ ሥር እንዲህ ያሉ ዘጠኝ ራዘርፎርዶች አሉ፣ በሁለተኛው ክፍል ላይ ደግሞ አሥረኛው።

ባትሪ የራሱ ዕዳ አለው። ነዳጅ ሲነድ ጭነቱ ይቀላል፤ ባትሪ ግን ኃይሉ ቢያልቅም ክብደቱ እንዳለ ነው። ስለዚህ የላይኛው ክፍል እየበረረ ሳለ ያለቁትን ባትሪዎች አራግፎ ይጥላል። የማቃጠያው ክፍል፣ የነዳጅ መርጫው፣ ፓምፖቹና ዋና ዋናዎቹ ቫልቮች የሚሠሩት ከብረት ዱቄት በስሪዲ ፕሪንተር ነው፤ ወራት የሚፈጅ የነበረው ሥራ በቀን ይቆጠራል። ጥቁር መልኳ የቀለም አይደለም፤ አካሏም ታንኮቿም ከካርቦን ፋይበር የተሠሩ በመሆናቸው ነው።

ማሽኑ ይህ ነው። ለመጀመሪያ በረራ መዘጋጀት ሲባል ግን ማሽኑ የሥራው ከፊል ብቻ ነው፤ ስለ ሌላው ከፊል፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ፈቃዱና ስለ ቦታው፣ የምንሰማው ጥቂት ነው። በ1967ቱ የጠፈር ውል መሠረት አንድ የግል ኩባንያ በጠፈር ለሚያደርገው ነገር ኃላፊው መንግሥቱ ነው። ኒውዚላንድ ደግሞ ሮኬት ወደ ምሕዋር ልካ ስለማታውቅ ሕጉም መሥሪያ ቤቱም አልነበራትም። ለአንድ ትንሽ ኩባንያ ሲባል በ2016 የጠፈር ኤጀንሲ አቋቋመች፤ በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ጋር የቴክኖሎጂ ጥበቃ ስምምነት ፈረመች፤ በ2017 የጠፈር ሕግ አወጣች። ኩባንያው ዋና ጽሕፈት ቤቱን በ2013 ወደ አሜሪካ አዛውሮ ስለነበር የበረራ ፈቃዱ ከአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም መምጣት ነበረበት። ቦታውም ተለውጧል፤ መጀመሪያ የታሰበው በደቡቡ ደሴት በክራይስትቸርች አቅራቢያ ነበር። ማሂያ የተመረጠችው ባዶ ስለሆነች ነው። ከፊቷ ውቅያኖስ እንጂ ሰው የለም፤ በላይዋ የሚያልፈው አውሮፕላን፣ በአጠገቧ የሚያልፈውም መርከብ ጥቂት ነው።

የበረራው ጊዜ ከሜይ 22 ጀምሮ ለአሥር ቀናት ተከፈተ። አየሩ ግን ቀኑን ደጋግሞ ወሰደው። ሜይ 25 ቀን፣ በአገሩ ሰዓት ከቀኑ 10፡20፣ ዘጠኙ ሞተሮች ተነሡ። የታችኛው ክፍል ሥራውን ጨርሶ ተለየ፤ ሁለተኛው ተቀጣጠለ፤ በአናቷ ላይ ያለው ሽፋን ተከፍቶ ወደቀ። በአራተኛው ደቂቃ፣ 224 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በምድር ያሉት የደኅንነት ኃላፊዎች የሚያዩት መረጃ ተቋረጠ። የት እንዳለች የማይታወቅ ሮኬት መብረሯን እንድትቀጥል አይፈቀድም። የማቋረጥ ትእዛዝ ተላለፈ፤ በረራው አበቃ።

ከሁለት ወር በላይ ምርመራ ተደረገ። ከሮኬቷ መረጃ የተሰበሰበው ከ25,000 በሚበልጡ መስመሮች ነበር፤ ሁሉም ሲታይ ሮኬቷ ምንም አልሆነችም። መንገዷን አልሳተችም፤ ሞተሯም አልተበላሸም። ስሕተቱ የተገኘው መሬት ላይ ነው። የበረራ መረጃውን በሚቀበለው የአንድ ተቋራጭ መሣሪያ ውስጥ፣ የተቆራረጠውን ምልክት የሚጠግነው ፕሮግራም አልተከፈተም ነበር። ስልክ ሲቆራረጥ የጎደለችውን ቃል ከአረፍተ ነገሩ ገምተን እንደምንሞላት፣ ይህ ፕሮግራምም የጎደለውን መረጃ ይሞላል። የኩባንያው የራሱ መሣሪያ ያንኑ ምልክት በትክክል ሲቀበል ነበር።

ብዙዎች ይህን በረራ ከሽንፈት ይቆጥሩታል፤ እኔ አልቆጥረውም። ኃላፊዎቹ ማድረግ የሚገባቸውን ነው ያደረጉት። የዓመታት ድካም በአንድ ትእዛዝ ሲቋረጥ የሚሰማውን ሐዘን መገመት አያዳግትም፤ ሆኖም የማያዩትን ሮኬት «ደኅና ትሆናለች» ብሎ ማሳለፍ ማንም ኩባንያ ሊመኘው የማይገባ ድፍረት ነው። ኩባንያውም በሮኬቷ አካል ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ ማድረግ አላስፈለገውም፤ ያረመው የምድሩን ሥራ ነው።

ለሁለተኛው በረራ «አሁንም ሙከራ ላይ» የሚል ስም አወጡ። በዲሴምበር 2017 በተደረገው ሙከራ ሞተሮቹ ተቀጣጥለው ሳለ ኮምፒዩተሩ ራሱ አስቆማቸው። በ2018 ጃንዋሪ 21 ሮኬቷ ተነሥታ ምሕዋር ገባች፤ የሁለት ኩባንያዎች ንብረት የሆኑ ሦስት ትንንሽ ሳተላይቶችንም በቦታቸው አወረደች። ኤሌክትሮን 50ኛ በረራዋን ያደረገችው በ2024 ጁን ወር ነው፤ የተጫኑት የአንድ የፈረንሳይ ኩባንያ አምስት ትንንሽ ሳተላይቶች ነበሩ፣ የተነሣችውም ከዚያው ከማሂያ ነው።