ውሃ መንገዱን ያውቃል

ሜዳ የሚመስለን ማሳ ብዙ ጊዜ ዘመም ያለ ነው። ዓይን ያታልላል፤ ውሃ ግን አይታለልም። ሽቅብና ቁልቁል ያረስነው ትልም በክረምት ቦይ ይሆናል። ለም አፈራችን በዚያው ይሄዳል። የዓባይን የሐምሌ ውሃ አይታችሁት የለ? ያደፈረሰው አፈር ነው።

ስለዚህ ተዳፋቱን አግድም እንረስ። አግድሙን ለማወቅ ሁለት እኩል ዘንግ፣ ገመድና ውሃ ልክ ይበቃናል። ገመዱን ከዘንግ ዘንግ ወጥረን ውሃ ልኩን መሐሉ ላይ እንሰቅላለን። አረፋው መሐል ላይ ሲቆም የዘንጎቹ እግር እኩል ከፍታ ላይ ነው ማለት ነው። እዚያ ችካል እንተክላለን። እርከኑ ችካሉን ተከትሎ ይሠራል።

የኮንሶ ገበሬዎች ከ400 ዓመት በላይ እርከን ሠርተዋል። የድንጋይ ካቡ አንዳንድ ቦታ 5 ሜትር ይደርሳል። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አገሩ ዳገታማ ነው፤ ዛሬም ማሽላ ይበቅልበታል።