በአንድ ኮምፒውተር ስንት ሞኒተር? ከመሰኪያው በስተጀርባ ያለው ጥያቄ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሞኒተሮችን ማገናኘት። አብዛኞቻችን ጉዳዩን የገመድ ጉዳይ አድርገን እናየዋለን። መሰኪያ ካለ ገመድ ይሰካል፣ ገመድ ከተሰካም ምስል ይመጣል ብለን እናምናለን። እኔ ላስረዳችሁ የምሻው ግን አንድ ኮምፒውተር ሊያሠራቸው የሚችላቸው ሞኒተሮች ቁጥር በጎኑ በሚታዩት መሰኪያዎች ብዛት እንደማይወሰን ነው። ቁጥሩን የሚወስኑት ከዓይን የተሰወሩ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በውስጡ ያሉት የማሳያ ተቆጣጣሪዎች ብዛትና ምስሉ የሚጓዝበት መስመር የመሸከም አቅም።

ይህን መለየት የዕውቀት ብቻ ሳይሆን የበጀትም ጉዳይ ነው። ሞኒተሩም፣ ገመዱም፣ አዳፕተሩም ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ናቸው። አንድ የትምህርት ክፍል ለ20 ኮምፒውተሮች ተጨማሪ ሞኒተር ገዝቶ እንደታሰበው ሳይሠሩ ቢቀሩ፣ የባከነው ገንዘብ ለመጻሕፍት ወይም ለቤተ ሙከራ ሊውል ይችል የነበረ ገንዘብ ነው።

በቅድሚያ፣ ሁለተኛ ሞኒተር ለምን ያስፈልጋል? የብራና ጽሑፍ ዲጂታል ምስል እያነበበ በሌላ በኩል የሚገለብጥ የፊሎሎጂ ተማሪ፣ ምንጩንና ትርጉሙን ጎን ለጎን የሚያስተያይ ተርጓሚ፣ የጻፈውን ኮድና የኮዱን ውጤት በአንድነት ማየት የሚሻ ፕሮግራመር፣ ሁሉም አንድ ችግር አለባቸው፤ አንዱን መስኮት ሲከፍቱ ሌላው ይሸፈናል። ፍላጎቱ አዲስ አይደለም። በ1981 በወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ላይ እንኳ ባለ አንድ ቀለም የጽሑፍ ማሳያ ካርድና የቀለም ማሳያ ካርድ በአንድነት ሊሠሩ ይችሉ ነበር፤ ሁለቱ የተለያየ የማስታወሻ አድራሻ ስለሚጠቀሙ አይጋጩም ነበርና። ፕሮግራመሮችም ስሕተት መፈለጊያውን በአንዱ፣ የሚመረመረውን ፕሮግራም በሌላው ያዩ ነበር። በዊንዶውስ በኩል ደግሞ ከዊንዶውስ 98 ጀምሮ አንድን የሥራ ገጽ በብዙ ሞኒተሮች ላይ መዘርጋት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አካል ሆነ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስውር ነገር ልግባ። ኮምፒውተር የሚያሳየውን ምስል በማስታወሻው ውስጥ ያዘጋጃል። ያንን ምስል ከማስታወሻ እያነበበ፣ በሰከንድ አብዛኛውን ጊዜ 60 ጊዜ፣ ወደ መሰኪያው የሚልከው ክፍል የማሳያ ተቆጣጣሪ ይባላል። አንድ ተቆጣጣሪ በአንድ ጊዜ የሚልከው አንድ ምስል ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት የተለያዩ ምስሎችን ለማሳየት ሦስት ተቆጣጣሪዎች ያስፈልጋሉ። የኢንቴል ሁለተኛ ትውልድ ኮር ፕሮሰሰሮች፣ የ2011ዎቹ ማለቴ ነው፣ አብሯቸው በተሠራው ግራፊክስ 2 ማሳያዎችን ብቻ ያሠሩ ነበር፤ በ2012 የተከተላቸው ሦስተኛው ትውልድ ቁጥሩን ወደ 3 አሳደገው። የላፕቶፕ የራሱ ስክሪንም ከዚህ ቁጥር እንደሚቀነስ ልብ በሉ።

ይህን ከሁሉ በላይ ግልጽ የሚያደርግልን በ2020 የወጣው ኤም1 የተባለው የአፕል ቺፕ ነው። ይህ ቺፕ ያለበት ማክቡክ ኤር ምስል ማውጣት የሚችሉ ሁለት የዩኤስቢ-ሲ መሰኪያዎች አሉት፤ ሆኖም በይፋ የሚደግፈው አንድ የውጭ ሞኒተር ብቻ ነው። ያው ቺፕ ያለበት ማክ ሚኒ ግን ሁለት ያሠራል። ማክ ሚኒ የራሱ ስክሪን የለውምና። መሰኪያ ቆጥሮ ሞኒተር የሚገዛ ሰው እንዴት እንደሚታለል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው ስውር ነገር የመስመሩ አቅም ነው። እስቲ አብረን እናስላ። አግድም 1920፣ ወደ ታች 1080 ነጥቦች ያሉት ሞኒተር በድምሩ 2,073,600 ፒክሰሎች አሉት። እያንዳንዱ ፒክሰል ለቀለም 24 ቢት ይወስዳል፤ ምስሉም በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። ሦስቱን ስናባዛ በሰከንድ ወደ 3 ጊጋቢት እንደርሳለን። በተለምዶ ፎር ኬ የሚባለው፣ 3840 በ2160 የሆነው ሞኒተር ግን አራት እጥፍ ፒክሰል ስላለው ወደ 12 ጊጋቢት ይፈልጋል። በምስሎች መካከል ያለው ክፍተት ሲታሰብ ቁጥሩ ከዚህም ከፍ ይላል።

መስመሩስ ስንት ይሸከማል? ኤችዲኤምአይ 1.4 ለምስል የሚያውለው አቅም በሰከንድ ወደ 8 ጊጋቢት ነው። ስለዚህ ፎር ኬ ሞኒተር በዚህ መስመር ሲገናኝ በሰከንድ 60 ጊዜ ሊታደስ አይችልም፤ ወደ 30 ይወርዳል። ምስሉ ይታያል፤ የማውሱ ጠቋሚ ግን ሲንቀሳቀስ ይቆራረጣል፤ ተጠቃሚውም ሞኒተሩ ተበላሽቷል ብሎ ያስባል። በ2013 የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.0 ይህን ችግር አቃለለ። ዲስፕሌይፖርት 1.2 በበኩሉ ለምስል ከ17 ጊጋቢት በላይ ይሸከማል።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ እዚህ ላይ ይመጣል። ገበያ ላይ አንድ መሰኪያ ወደ ሁለት የሚያበዙ፣ በመልክ የሚመሳሰሉ ዕቃዎች አሉ። የመጀመሪያው የኤችዲኤምአይ ስፕሊተር ነው። ስፕሊተር ያንኑ ምስል በሁለት ሞኒተር ላይ ይደግማል እንጂ የሥራ ገጹን አያሰፋም። ለአዳራሽ ጠቃሚ ነው፤ ለጥናት ጠረጴዛ ግን አይበጅም። ሁለተኛው ከዲስፕሌይፖርት 1.2 ጋር የመጣውን፣ በአንድ ገመድ የተለያዩ ምስሎችን የመላክ ስልት የሚጠቀመው ኤምኤስቲ ሀብ ነው። ይህኛው በእርግጥ የተለያዩ ምስሎችን ያሳያል፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪ አይፈጥርም፤ የገመዱንም አቅም ያካፍላል እንጂ አይጨምርም። በ17 ጊጋቢት ውስጥ ሁለት ፎር ኬ ሞኒተሮችን በ60 ማስገባት እንደማይቻል ከላይ ያደረግነው ስሌት ይነግረናል። በተጨማሪም የማክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይህን ስልት ለተለያዩ ሞኒተሮች ስለማይደግፈው በዊንዶውስ የሠራው ሀብ በማክ ላይ አንድ ዓይነት ምስል ብቻ ሊደግም ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ ዲስፕሌይሊንክ የተባለው ቴክኖሎጂ ነው። በዚህ ስልት ምስሉ በሶፍትዌር ተጨምቆ እንደ ተራ መረጃ በዩኤስቢ ይጓዝና በሌላው ጫፍ ባለው ዕቃ ይፈታል። የቺፑን የተቆጣጣሪ ቁጥር ገደብ ያልፋል፤ ቀደም ብዬ ላነሣሁት ማክቡክ ኤርም መፍትሔ ይሆናል። ዋጋው ግን የፕሮሰሰሩ ድካም ነው። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ይበቃል፤ ለፊልም ቅንብርና ፈጣን እንቅስቃሴ ላለው ሥራ አልመክረውም።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የዩኤስቢ-ሲ መሰኪያ ቅርጽ ስለ ይዘቱ አይመሰክርም። አንዳንዱ ምስል ያወጣል፤ አንዳንዱ ኃይልና መረጃ ብቻ ያስተላልፋል። ሁለተኛ፣ አዳፕተር አቅጣጫ አለው። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚወስድ ርካሽ አዳፕተር ተገልብጦ አይሠራም፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይፖርት ለመሄድ ምልክቱን በራሱ የሚቀይር፣ አብዛኛውን ጊዜም የኃይል ገመድ የሚፈልግ ሌላ ዕቃ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከግዢ በፊት የሚከተለውን ቅደም ተከተል እመክራለሁ። በመጀመሪያ የኮምፒውተሩን ወይም የግራፊክስ ካርዱን ሙሉ የሞዴል ስም ጽፎ፣ በአምራቹ መግለጫ ውስጥ ስንት ማሳያ በአንድ ጊዜ እንደሚደግፍ ማረጋገጥ። ቀጥሎ እያንዳንዱ መሰኪያ የትኛው የደረጃ ቁጥር እንደሆነ ለይቶ የሚፈለገውን ጊጋቢት ማስላት። ራሱን የቻለ የግራፊክስ ካርድ ባለው ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ሞኒተሮቹን ከማዘርቦርዱ ሳይሆን ከካርዱ መሰኪያዎች ጋር ማገናኘት፤ ካርድ ሲገባ የማዘርቦርዱ መሰኪያዎች ብዙ ጊዜ ሥራ ያቆማሉና። በመጨረሻም 20 ከመግዛት በፊት አንድ ገዝቶ ወይም ተውሶ መሞከር። በዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍና ፒን አብሮ በመጫን ምስሉን መድገምንና ገጹን ማስፋትን መምረጥ ይቻላል፤ ተበላሸ የተባለ ሞኒተር በዚህ ብቻ የሚስተካከልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት መደምደሚያ ተስፋ አስቆራጭ አይደለም። ተራ የጥራት ደረጃ ያላቸው ሁለት ሞኒተሮች የሚጠይቁት አቅም መጠነኛ ነው፤ ዓመታት ያስቆጠረ የቢሮ ኮምፒውተርም ብዙ ጊዜ ይችላቸዋል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ አስቀድሞ ከተጠየቀ፣ ተማሪው የሚፈልገውን ሁለተኛ ገጽ ለማግኘት አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ላያስፈልግ ይችላል።